ከፍለው የሚወድቁበት ማማ

ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ኮኒ አይላንድ ወደተባለው የባሕር ዳርቻ የሚሄደው የምድር ባቡር የመጨረሻ ጣቢያው ስቲልዌል አቬኑ ነው። ከዚያ ወርዶ ወደ ባሕሩ ያቀና ሰው በስተቀኝ በኩል አንድ ቀይ የብረት ማማ ከቤቱ ሁሉ በላይ ወጥቶ ያያል። ቁመቱ 250 ጫማ፣ በሜትር 76 ያህል ነው። አናቱ ላይ አሥራ ሁለት ክንዶች ዙሪያውን ተዘርግተዋል፤ ዛሬ ግን ምንም ነገር አልተንጠለጠለባቸውም።

እኔ ብሩክሊን ውስጥ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። በሙያዬ የተነሳ እሑድ እሑድ አብሮኝ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። መጀመሪያ «ምንድን ነው?» ይላሉ። ፓራሹት ጃምፕ ይባላል፣ ሰው በጃንጥላ ተንጠልጥሎ የሚወርድበት መጫወቻ ነበር እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለምን ተዘጋ? ሰው ሞቶበት ነው አይደል?» አይደለም። የዘጋው የሠራተኛ ደሞዝና የባሕር ነፋስ ነው። ያልፈረሰው ደግሞ፣ በአብዛኛው፣ ማፍረሻ ገንዘብ ስለጠፋ ነው። ይህን በቆምኩበት ለመናገር ጊዜ ስለማይበቃኝ እዚህ ላይ ልጻፈው። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሙያዬ ልጀምር። የሊፍት ሥራ አባት የምንለው ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ክሪስታል ፓላስ በተባለው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ፣ መድረክ ላይ ቆሞ በገመድ ወደ ላይ ተሳበ። ሰው ሁሉ አንጋጦ ሲያየው ገመዱን አስቆረጠ። መድረኩ ጥቂት ሸርተት ብሎ ቀጥ አለ፤ የደኅንነት ፍሬኑ ያዘው። ሰውየው ያን ዕለት ለሕዝብ የሸጠው አለመውደቅን ነው። ዛሬም ድረስ የሁላችንም እንጀራ እሱ ነው። ከ85 ዓመት በኋላ እዚያው ከተማ፣ ሌላ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ፣ ሌላ ሰው መጣና መውደቅን ሸጠ። ገዢ አላጣም።

ይህ ሰው ጄምስ ስትሮንግ ይባላል። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል በኮማንደር ማዕረግ ጡረታ የወጣ ነው። በዚያ ዘመን ሶቪየቶች ሰው የፓራሹት ዝላይ የሚለማመድባቸው የእንጨት ማማዎች ነበሯቸው። ስትሮንግ ሐሳቡን ከነሱ ወሰደና ለደኅንነት የሚሆን ነገር ጨመረበት፦ ጃንጥላውን ዙሪያውን በስምንት የሽቦ ገመዶች አጠረው። ጃንጥላው ከገመዶቹ መሃል አያፈነግጥም፣ አይጨማደድም፣ ነፋስ ወስዶ ከማማው ጋር አያላትመውም። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ የሊፍት ሳጥን በሐዲዶቹ መሃል እንዲሄድ የምናደርገው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበና ኒው ጀርሲ ውስጥ ሃይትስታውን በተባለች ከተማ የመሞከሪያ ማማዎች አቆመ።

የሠራው ለወታደር ነበር። ነገር ግን ሲቪሉም ሰው እያየ «እኔም ልሞክረው» ማለቱ አልቀረም። ስትሮንግ ይህን ሲያይ ዕቃውን ለመጫወቻ አስተካከለው፤ የአንድ ሰው የነበረውን መቀመጫ ለሁለት አደረገ፣ ቁልቁለቱ ቀስ እንዲል ጃንጥላውን አሰፋ፣ ከታች ምሰሶ ላይ ሞላ ተከለ። የመጀመሪያው የመጫወቻ ማማ በ1937 ቺካጎ፣ ሪቨርቪው ፓርክ ውስጥ ተከፈተ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሸራ መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀበቶ ይታሰርላቸዋል። ከበላያቸው ጃንጥላው ተከድኖ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ ገመዱን ይጠቀልላል፤ እነሱም እግራቸውን አየር ላይ እያወዛወዙ ይሳባሉ። ወለል የለም፣ በር የለም፣ የሚጨብጡት ብረት እንኳ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጫፍ ሲደርሱ ማላቀቂያው ይለቃል። ጃንጥላው አየር እስኪይዝ ድረስ ያለችው ያቺ ቅጽበት ናት ገንዘቡ ሁሉ የተከፈለላት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝም ብሎ መንሳፈፍ ነው። መሬት ሲቃረቡ ሞላው ይቀበላቸዋል።

ኤፕሪል 30 ቀን 1939 ኩዊንስ ውስጥ ፍላሺንግ ሜዶውስ በተባለ ቦታ የኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ተከፈተ። ቦታው ቀድሞ የከተማው አመድ መድፊያ ነበር። ማማው ሥራ የጀመረው ትንሽ ዘግይቶ ሜይ 27 ነው። ወጪውን የደገፈው ላይፍ ሴቨርስ የተባለው የከረሜላ ኩባንያ ነው፤ መሃሉ ቀዳዳ ያለውን ያን ክብ ከረሜላ አስመስሎ ማማውን አስጌጠው። ዋጋው ለአዋቂ 40 ሳንቲም፣ ለልጅ 25 ሳንቲም። የምድር ባቡር 5 ሳንቲም በነበረበት ዘመን ይህ ርካሽ አልነበረም።

ትራይሎን ከተባለው ሹል የትርኢቱ ምልክት ቀጥሎ ረጅሙ ነገር ይኸው ማማ ነበር። ሶቪየቶች የራሳቸው አዳራሽ ነበራቸው፤ አናቱ ላይ ቀይ ኮከብ ከፍ አድርጎ የያዘ የላብ አደር ሐውልት ቆሟል። የአሜሪካ ባንዲራ ከዚያ ኮከብ ዝቅ ብሎ እንዴት ይውለበለባል ብለው የተቆጡ ስለነበሩ ማማው ጫፍ ላይ የ12 ጫማ የባንዲራ ዘንግ ተተከለ። ከሶቪየት የተቀዳ ሐሳብ ሶቪየትን ለመብለጥ ዋለ ማለት ነው። ታሪክ እንዲህ ሲያሾፍ ይጥመኛል።

ጣልያንም እዚያው ትልቅ አዳራሽ ሠርታ ነበር፤ ከላይ የሮማ ሐውልት ተቀምጦ ከሥሩ ፏፏቴ ይወርዳል። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ነበረች። እኔ የ1939ን ፎቶግራፎች ሳገላብጥ ዓይኔ ከማማው አልፎ ያን ፏፏቴ ይፈልጋል፤ ምን ላድርግ።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ገመድ ተጠላለፈና አንድ ባልና ሚስት አየር ላይ ቀሩ። አምስት ሰዓት ያህል ተንጠልጥለው ቆይተው የወረዱት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ከንቲባው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ራሱ መጥቶ ጀግንነታቸውን አደነቀላቸው። በማግስቱ ባልና ሚስቱ ተመልሰው መጥተው እንደገና ወጡ! እኔ ሊፍት ውስጥ ሃያ ደቂቃ የቆየ ሰው በሩ ሲከፈትለት ምን ብሎ እንደሚሰድበኝ ስለማውቅ እነዚህን ሁለት ሰዎች ባገኛቸው እጅ እነሳ ነበር። በ1940 ደግሞ ሙሽራው፣ ሙሽሪት፣ ፓስተሩና አጃቢዎቹ ሁሉ እዚያው እንደተንጠለጠሉ ሰርግ ተፈጽሟል።

የወታደሩ ነገርም አልቀረም። በ1940 ክረምት የአሜሪካ ጦር የመጀመሪያውን የአየር ወለድ ቡድን ሲያቋቁም፣ ዊሊያም ሊ የተባለ መኮንን የስትሮንግን ማማዎች አይቶ ስለወደዳቸው ሰልጣኞቹን ወደ ሃይትስታውን ላካቸው። ቡድኑ አርባ ስምንት ወታደሮችና ሁለት መኮንኖች ነበሩት። ኦገስት 16 ቀን 1940 ጆርጂያ ውስጥ ፎርት ቤኒንግ ላይ ከአውሮፕላን ዘለሉ። ከዚያ ወዲህ ጦሩ ባለ 250 ጫማ ማማዎችን እዚያው ፎርት ቤኒንግ ተከለ፤ ኖርማንዲ ላይ ከወረዱት አየር ወለዶች ብዙዎቹ የተለማመዱት በነሱ ነው። ሊም በኋላ ጄኔራል ሆኖ የ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር የመጀመሪያ አዛዥ ሆነ። ኮኒ አይላንድ ላይ ፍቅረኛሞች ከረሜላ እየበሉ የሚወርዱበት ነገር የዚሁ ማማ ወንድም ነው።

ትርኢቱ ኦክቶበር 1940 ተዘጋ። ትራይሎን ፈርሶ ብረቱ ለጦር መሣሪያ ተላከ። ፓራሹት ጃምፕ ከዚህ ዕጣ የተረፈው ገዢ ስላገኘ ነው፤ ገዢዎቹም የቲልዩ ቤተሰብ ናቸው።

ቲልዩዎችን ሳያውቁ ኮኒ አይላንድን ማወቅ አይቻልም። አባትየው ጆርጅ ቲልዩ በ1893 ቺካጎ ሄዶ ሰው የሚያሳፍረውን የመጀመሪያውን ግዙፍ የፌሪስ መንኮራኩር አየ። ልግዛው ቢል ስላልተሸጠለት ወደ አገሩ ተመልሶ የሱን ግማሽ የሚያህል አሠራ። በ1897 ስቲፕልቼዝ ፓርክን ከፈተ፤ ስሙን ያገኘው ሰዎች የእንጨት ፈረስ ጭነው በብረት ሐዲድ ላይ ከሚሽቀዳደሙበት ጨዋታ ነው። በ1907 ፓርኩ በእሳት ወደመ። ቲልዩ በማግስቱ ምን አደረገ? በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ የሚጨሰውን ፍርስራሽ ገብቶ ማየት 10 ሳንቲም! ከዚያ ፓርኩን መልሶ ሠራው፤ ለዝናብ ቀንም እንዲሆን በብረትና በመስታወት ሰፊ አዳራሽ አቆመ። ይህ ሰው መርካቶ ቢወለድ የት በደረሰ እላለሁ አንዳንዴ።

ከትርኢት የተረፈ ማማ ኮኒ አይላንድ ሲመጣም የመጀመሪያው አልነበረም። በ1876 ፊላደልፊያ ላይ የአሜሪካ መቶኛ ዓመት ሲከበር የቆመ 300 ጫማ የብረት ማማ ነበር፤ በእንፋሎት የሚሠራ ሊፍት ነበረው። ትርኢቱ ሲያበቃ ተነቅሎ እዚሁ ዳርቻ ተተከለ፤ በ1911 ድሪምላንድ የተባለው ፓርክ ሲቃጠል አብሮ ጠፋ። ለኔ የሙያ ቅድመ አያቴ እሱ ነው፤ ዛሬ ከፎቶ በቀር ምንም አልቀረለትም።

ወደ ቲልዩ ልጆች ልመለስ። ሴፕቴምበር 1939 ስቲፕልቼዝ ላይ እንደገና እሳት ተነሳና አንድ ሮለር ኮስተር የነበረበትን ጥግ በላው። ባዶ ቦታ ተገኘ። ወንድማማቾቹ ፍራንክና ጆርጅ ቲልዩ ማማውን በ150,000 ዶላር ገዝተው፣ ፈታተው፣ ከኩዊንስ ወደ ባሕሩ ዳር አመጡት። መሠረቱ እንደ አዲስ ተሠራ፤ መሬቱ አሸዋ፣ ነፋሱም ከፍላሺንግ የባሰ ነውና። ሜይ 1941 ሥራ ጀመረ። በዚያው ወር፣ በ5ኛው ቀን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው የለም፤ ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1933ን የሚያስብ ሀበሻ የማማውን ዓመት አይረሳውም።

ጥሩ ዘመኑ ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ናቸው። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ወታደሮች ወደ ጦር ሜዳ ከመሄዳቸው በፊት ከልጃገረዶች ጋር ይወጡበት ነበር። ይሁን እንጂ የሒሳቡ ነገር ከመጀመሪያው የተጣመመ ነው። ለያንዳንዱ ጃንጥላ ሦስት የገመድ ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። በአንድ ጃንጥላ ሁለት ሰው ብቻ ይወጣል። ሁለት ደንበኛ ለማውረድ ሦስት ሠራተኛ!

አክስቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ወደ ባሕሩ ወስጃት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሱቅ ይዛ የኖረች ሴት ናት። ማማውን ቀና ብላ አይታ ነጠላዋን አጣፋች።

«እና አንተ ልጅ፣ ከፍለው ነው የሚወድቁት?»

«አዎ እትዬ። አርባ ሳንቲም።»

«የሚያወርዷቸውስ ስንት ናቸው?»

«ለሁለት ሰው ሦስት።»

«ኧረ በስመ አብ! በነፋስ ቀንስ?»

«በነፋስ ቀን ይዘጋል።»

«ደሞዛቸውስ?»

መልስ አልነበረኝም። የመጽሐፍ ጸሐፊዎች ገጽ ሙሉ የፈጁበትን ነገር አክስቴ አይስክሬሟ ሳይቀልጥ ጨረሰችው። ነገሩ እሷ እንዳለችው ነው፤ ባሕሩ ዳር ነፋስ የሌለበት ቀን ስንት አለ? ማማው ቆሞ ሲውል ቅባቱ፣ ገመዱ፣ ሸራው፣ ሰዉ ሁሉ ወጪ ነው። በዚያ ላይ ጨው አለ። የባሕር ጨው ገመድ ላይ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ፤ ከውጭ የሚያብረቀርቅ ገመድ መሃሉ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ። ጣትህን ብታሳርፍበት ይቆሽሻል። ይህን በየጊዜው እየፈተሹ መቀየር ግዴታ ነው።

የኔም ሙያ በዚሁ በር አልፏል። ቀድሞ ኒው ዮርክ ውስጥ እያንዳንዱ ሊፍት ነጂ ነበረው፤ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ማንሻ ይዞ፣ ፎቁን እየጠራ። ሴፕቴምበር 1945 ላይ 15,000 ያህል የሊፍት ነጂዎች፣ በረኞችና የሕንፃ ሠራተኞች ሥራ ቢያቆሙ ከተማው ተያዘ፤ ሰው ፎቅ ላይ መውጣት አቃተው። የሕንፃ ባለቤቶችም ከዚያ በኋላ አውቶማቲክ ሊፍት ማስገባቱን አጧጧፉት። ነጂው በአዝራር ተተካ። የፓራሹት ጃምፕን ሠራተኛ ግን በአዝራር መተካት አልተቻለም፤ ሸራና ነፋስ በየሰከንዱ የሰው ዓይን ይፈልጋሉ። ሊፍቱ ነጂውን ጥሎ ኖረ፤ ማማው ግን ሠራተኞቹን መጣል ስላልቻለ አብሯቸው ቀረ።

ኮኒ አይላንድም ራሱ እየተዳከመ ነበር። መኪና የገዛው ሰው ጆንስ ቢች ወደተባለው ሌላ የባሕር ዳርቻ መሄድ ጀመረ፤ ቤቱ የቀረውም ቴሌቪዥን አገኘ። ስቲፕልቼዝ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1964 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ። ማማው ከፓርኩ ጋር ቆመ የሚሉ አሉ፤ አንዳንድ መዛግብት ደግሞ እስከ 1968 ድረስ ያደርሱታል። በዚያው 1964 ፍላሺንግ ሜዶውስ ላይ፣ ማማው በተወለደበት ቦታ፣ ሌላ የዓለም ትርኢት ተከፍቶ ሕዝቡ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር።

በ1965 ፓርኩን የገዛው ፍሬድ ትራምፕ ነው፤ የኋለኛው ፕሬዚዳንት አባት። አፓርታማ ሊሠራበት አስቦ ነበር። ሴፕቴምበር 1966 ላይ እንግዶች ጠርቶ የስንብት ድግስ አደረገ፤ ተጋባዦቹ በዚያ በመስታወት አዳራሽ ላይ ጡብ እንዲወረውሩ ጡብ ታደላቸው። ወረወሩ። አዳራሹ የታሪክ ቅርስ ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት ፈረሰ። እኔ ሕንፃ ውስጥ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ይህን ታሪክ በቀላሉ አልፌው አላውቅም፤ ሕንፃ ይፈርሳል፣ ይህ ያለ ነው፣ ግን ሰው ጠርቶ፣ መጠጥ ቀድቶ፣ ጡብ አሲዞ ማፍረስ ነውር ነው። ደግሞም ለምንም አልሆነም። ከተማው የመሬቱን አገልግሎት ለመኖሪያ ቤት ስላልቀየረለት አፓርታማው ሳይሠራ ቀረ፤ በስልሳዎቹ መጨረሻ መሬቱን ከተማው ገዛው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ማማው ባለቤት ኖሮት ወዳጅ ያጣበት ዘመን ነው። በ1971 ከተማው በጨረታ አቀረበው፤ አንድም ተጫራች አልመጣም። ዝገት ወረሰው። ጎረምሶች እየወጡበት የሚያስጨንቅ ነገር ሆነ። ይፍረስ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል፤ ነገር ግን ይህን ያህል ብረት ከዚያ ከፍታ ፈትቶ ማውረድ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሰባዎቹ ደግሞ ኒው ዮርክ ለኪሳራ የተቃረበችበት ጊዜ ነው። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፤ ሀብታም ከተማ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወር አውርዶት ነበር።

ጁላይ 1977 የከተማው የቅርስ ኮሚሽን ማማውን ቅርስ ብሎ መዘገበው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ የበጀትና የመሬት ሥልጣን የነበረው ቦርድ ውሳኔውን ሻረው። ቅርስ ከተባለ መጠገን አለበት፤ መጠገኛው ከየት ይምጣ ነው ነገሩ። በ1980 ግን የፌዴራሉ መንግሥት በአገር አቀፉ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ ሜይ 1989 ላይ ከተማውም ተመልሶ ቅርስነቱን አጸደቀ። በዚሁ ጊዜ ጎረቤቶቹም ተመዝግበዋል፤ የ1927ቱ ሳይክሎን ሮለር ኮስተርና የ1920ው ወንደር ዊል የተባለው መንኮራኩር። እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ ሰው ያሳፍራሉ።

በ1993 ማማው እንዳይወድቅ ተጠናክሮ ቀለም ተቀባ። ዋናው ጥገና የተደረገው በ2002 እና በ2003 ነው፤ የላይኛው ክፍል ተፈትቶ ወረደ፣ የበሰበሰው ተቀየረ፣ እንደገና ወጥቶ ተገጠመ፣ ሁሉም ቀይ ተቀባ። አጠገቡ በ2001 የቤዝቦል ስታዲየም ስለተሠራ የሚያየው ሰው በዝቶ ነበር፤ እኔ ለዚህ ጥገና ከሁሉ በላይ የረዳው ይህ ይመስለኛል። በ2006 መብራት ተገጠመለት። በ2013 ደግሞ 8,000 ያህል ኤልኢዲ መብራቶች ገቡለት፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማም በሱ ላይ ይከበራል። የብሩክሊን አይፍል ታወር ይሉታል። ስሙ ትንሽ ቢበዛበትም አልቃወምም።

ታላቅ ወንድሙ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እንዲህ አልታደሉም። የቺካጎው ሪቨርቪው ፓርክ በ1967 ተዘግቶ ፈረሰ። በ1976 አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ የፓራሹት ማማዎች ተተክለው ነበር፤ የካሊፎርኒያው በ1999፣ የጆርጂያው በ2005፣ የቴክሳሱ በ2012 ሥራ አቆሙ። ከሰማንያዎቹ ጀምሮ ጃንጥላው ቀረና ሰው ወንበር ላይ ታስሮ በነጻ መውደቅ ጀመረ። የአሁኖቹን የሚያቆማቸው ማግኔት ነው፤ ብረቱ በማግኔቱ መሃል ሲያልፍ ያለ ንክኪ፣ ያለ መብራት ኃይል፣ በራሱ ፍጥነት ልክ ይያዛል። የሙያ ሰው እንደመሆኔ ይህን አደንቃለሁ፤ የሚያልቅ ሸራ የለ፣ የሚሳብ ገመድ የለ፣ ሦስት ሠራተኛ የለ።

ከነዚህ ሁሉ ረጅሙ ዙማንጃሮ ይባል ነበር። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር በተባለው ፓርክ በ2014 ተከፈተ፤ 415 ጫማ ከፍታ ነበረው። የተሠራው ኪንግዳ ካ በተባለው ሮለር ኮስተር ብረት ላይ ተለጥፎ ነው። ፓርኩ ስትሮንግ ማማውን ከሞከረበት ከሃይትስታውን ብዙ አይርቅም። በ2024 መጨረሻ ሁለቱም እንደማይከፈቱ ተነገረ፤ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 በፈንጂ ተጣሉ። አሥር ዓመት ብቻ! ቪዲዮውን የሥራ ጓደኞቼ ምሳ ሰዓት ላይ ደጋግመው ሲያዩት እኔ አልሳቅሁም። ቁራጭ ብረት ሆኖ ተጫነ እንጂ ማንም ቅርስ ነው አላለም፤ ገንዘብ ያለው ኩባንያ ማፍረሻ አያጣም።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ። «እንደገና ይሥራ» የሚሉ ሁልጊዜ አሉ፤ ቀደም ሲል ባለሥልጣኖችና ባለሀብቶችም ሞክረውታል፤ ወጪው አስፈራቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አይሥራ። የዛሬውን የደኅንነት ሕግ ያሟላ ቢባል ገመዱ፣ መዘውሩ፣ ማላቀቂያው፣ መቀመጫው ሁሉ ይቀየራል፤ ክንዶቹም አዲስ ጭነት እንዲችሉ ይደገፋሉ። ያን ጊዜ የሚቆመው አሮጌውን ቀለም የተቀባ አዲስ ማሽን ነው፤ ነፋሱ ግን ያው ነፋስ ስለሆነ ከዓመቱ ብዙውን ቀን ተዘግቶ ይውላል። ያ ገንዘብ ለቀለምና ለዝገት መከላከያ ይዋል። ከከተማው የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፦ ጨው ዕረፍት ስለማያውቅ፣ መብራቱ ላይ የሚወጣው ሥሩ ላይም ይውጣ።

የምትኖሩት ኒው ዮርክ ከሆነ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ ከመጣችሁ በዲ፣ በኤፍ፣ በኤን ወይም በኪው ባቡር እስከ መጨረሻው ሂዱ። መብራቱ እስኪበራ አትጠብቁ፤ በቀን ይሻላል። ሥሩ ድረስ ተጠግታችሁ ክንዶቹን ቁጠሩ፤ ከያንዳንዱ በታች ሦስት ሰው ይቆም እንደነበር አስቡ። ከዚያ በባሕሩ በኩል ዞራችሁ ጥቂት ቁሙ። ነፋሱ ኮፍያችሁን ሲሞክር ለምን እንዳላዋጣ ይገባችኋል።